አማቴ ሳይት ሊጎበኙ ሄዱ

ነገሩ ሁሉ የጀመረው አንድ ሬሳ ሳምቡሳ ሲበላ ካየሁ በኋላ ነው።

ግዴላችሁም ስሙኝ፤ በቀን በብርሃን ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በመሃል ከተማ በኩል ወደ ቤቴ እያዘገምኩ ነበር። ካንድ ያላለቀ ፎቅ ሥር ከተቀመጠች ሳምቡሳ ጠባሽ አጠገብ፣ ፊቱ ኖራ የመሰለ፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ ደም የወረደበት፣ ሸሚዙ የተቦጫጨቀ ጎረምሳ ቆሞ ምስር ሳምቡሳ በሚጥሚጣ እያጣቀሰ ይበላል። ባጃጅ ነጂዎቹ ቀና ብለውም አያዩትም። እኔ ግን፣ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፣ ስለ እሳተ ገሞራ ሳወራ ድምፄ ንቅንቅ የማይል ሰው፣ የያዝኩትን የፈተና ወረቀት በትኜ ልሮጥ ተነሣሁ። ሬሳው አፉ እንደሞላ እጄን ለቀም አደረገና «ጋሼ! በናትህ ለአባባ እንዳትነግርብኝ!» አለኝ።

ናቲ ነበር። የባለቤቴ የሰላም ታናሽ ወንድም፣ ናትናኤል ደጀኔ፣ የተመረቀ ሲቪል መሐንዲስ።

ወረቀቴን እየለቃቀመልኝ አስረዳኝ። የኮንስትራክሽን ድርጅቱን ሥራ ከለቀቀ አራት ወሩ ነው። አሁን የሚሠራው እዚሁ ያላለቀ ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛው ወለል፣ «ፍርሃት ቤት» በሚባል ቦታ ነው። ሰዎች ተሰብስበው ይገቡና በር ይዘጋባቸዋል፤ የተደበቀ ነገር ፈልገው፣ እንቆቅልሽ ፈትተው በአንድ ሰዓት ውስጥ መውጣት አለባቸው። እስኪወጡ ድረስ እነ ናቲ በየጥጉ ሞተው ያስፈራሯቸዋል። ሰው ለዚህ ወረፋ ይይዛል አለኝ። እኔ በበኩሌ የዘጠነኛ ክፍል ወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ብቻ ለወር የሚበቃኝን ፍርሃት ስለምሸምት፣ ወረፋ ይዞ መደንገጥ የሚሉት ነገር አልገባኝም። «ምን ጎደለብህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እዚያ ቢሮ ስገባ ነው የምሞተው ጋሼ» አለ፤ «እዚህ ሞቼ እንኳ ደስ ይለኛል።»

ስለ አማቴ ደግሞ ካላወጋኋችሁ ጣጣው አይገባችሁም። ጋሽ ደጀኔ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፎርማን ነበሩ። በወጣትነታቸው ከደብረ ብርሃን ወጥተው ከሞጆ እስከ ዲላ ግንብ ያላስቆሙበት ከተማ የለም። ሐዋሳን ከእሳቸው ጋር በእግር ልሂድ ያለ ሰው ቀጠሮው አለቀለት፤ በየፎቁ ሥር ቆም ይሉና «ይቺን ኮለን ያስሞላኋት እኔ ነኝ» እያሉ ምሰሶዋን ይደባብሷታል። ምኞታቸው አንድ ነበር። እሳቸው በየጠዋቱ የቀን ሠራተኛ ስም እየጠሩ በፀሐይ ያሳለፉትን ዕድሜ ልጃቸው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ፕላን ዘርግቶ እንዲክስላቸው። ናቲ ከተመረቀ ወዲህ «ልጄ» ማለት ትተዋል፤ «ኢንጂነሩ» ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ኢንጂነሩ፣ ባጃጅ ውስጥ ኢንጂነሩ። ጥርስ ሊያስነቅሉ አብሬያቸው ሄጄ፣ አፋቸው ተከፍቶ የሐኪሙ እጅ ውስጥ እያለ ስለ ኢንጂነሩ ሊያወሩ ሲታገሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ አማቴ ሲከፉ አይቆጡም፣ አይሳደቡም። ዝም ነው የሚሉት። ታናሽ ወንድማቸውን በአንድ በጠመመ ግድግዳ የተነሣ ሰባት ዓመት ዘግተውታል። ግድግዳው ፈርሶ ሌላ ተሠርቷል፤ ኩርፊያቸው ግን እንደቆመ ነው። ናቲም የሚፈራው ይህንኑ ነበር። «ይምቱኝ፣ ይርገሙኝ፣ እችለዋለሁ። ዝም ካሉኝ ግን አልችልም» አለኝ፤ እንባው የቀለም ደሙን ይዞት ወረደ። ትንፍሽ እንደማልል ማልኩለት።

መማሉ ባልከፋ፤ እኔ ውሸት አልችልም። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ውሸት ማሰብ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ስደነግጥ ጭንቅላቴ ባዶ ነው የሚቀረው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አማቴ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤታቸው ድረስ መጥተው «ይሄ ኢንጂነር አሁን የት ሳይት ነው ያለው?» ሲሉኝ፣ በሐዋሳ ከተማ ከሚገኙት ፎቆች ሁሉ የመጣልኝ አንድ ብቻ ነበር።

«መሃል ከተማ፣ ያ ያላለቀው ፎቅ። ሦስተኛው ወለል ላይ» አልኳቸው።

አያችሁልኝ? እውነቱን ነገርኳቸው! ከዚያ ደግሞ ውሸት መሆን እንደነበረበት ትዝ ብሎኝ «የፊኒሺንግ ሥራ ላይ ነው» ብዬ ጨመርኩ።

«እንግዲያው ተነሣ፣ አሳየኝ» አሉ።

ናቲ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ለካ ሟቾች ሥራ ሲገቡ ስልካቸውን ያስረክባሉ። ሰላም ገበያ ሄዳለች። ሆዴን ቆረጠኝ አልኩ፤ «ንፋስ ሲመታህ ይለቅሃል» አሉኝ። ኮታቸውን ለብሰው፣ የማትለያቸውን ተጠቅላይ ሜትር ኪሳቸው ከተው በሩ ላይ ቆመዋል። ባጃጅ ውስጥ የማውቃቸውን ቅዱሳን ተራ በተራ ጠራሁ። የጉዱማሌን ሜዳ ስናልፍ ጎማው ይፈንዳ ብዬ ሻማ ተሳልኩ። ጎማ እንዲፈነዳ የሚሳል ሰው ምን ዓይነት መልስ እንደሚያገኝ መገመት አያቅታችሁም፤ እንደዚያ ቀን ቀልጥፎ የደረሰ ባጃጅ አላስታውስም።

ሦስተኛው ወለል ስንደርስ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «መግባት እንጂ መውጣት የለም» ተብሎ ተጽፏል። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«የሴፍቲ ማስታወቂያ እንዲህ አይጻፍም» አሉና ገቡ።

እንግዳ የምትቀበለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምትመስል ልጅ ናት። ግማሽ ፊቷ ደም ነው።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ሄልሜት አታደርጉም እንዴ?» አሏት።

«ሥራ ነው አባቴ» አለችና ሣቀች።

አማቴ ወደ እኔ ዞረው «አየህልኝ፣ እየደማችም ሥራዋ ላይ ናት» አሉኝ። ልጅቷ ቅጽ አውጥታ ትጠይቃቸው ጀመር። የልብ ሕመም አለብዎት? የለብኝም። ጨለማ ያስፈራዎታል? እኔን? ስምዎን ጽፈው እዚህ ጋ ይፈርሙ። አማቴ ልባቸው ተነካ። «እንግዳ ሲገባ የሚመዘግብ ሳይት! በእኛ ጊዜ ፍየል እንኳ ዘው ብሎ ይገባ ነበር» እያሉ ፈረሙ። እኔ ልጅቷን ጠቀስኳት፤ አድኚኝ፣ አስቁሚያቸው ለማለት ነው። እሷ ሌላ ነገር መስሏት ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ እኔን ሳታይ መመሪያውን ቀጠለች። ውስጥ ያሉትን ሰዎች አትንኩ፣ አትሩጡ፣ ከባሰባችሁ እጃችሁን ወደ ካሜራው አንሡ፣ እከፍትላችኋለሁ።

«ሥራ ላይ ያለ ሰው አይነካም፤ ልክ ነሽ» አሉ አማቴ።

መተላለፊያው ጨለማ ነው። አንድ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ልስኑ ተልጦ ተንጠልጥሏል፣ ከግድግዳው ቀይ ነገር ይንጠባጠባል። እኔ የአማቴን የኮት ጫፍ ይዤ እከተላለሁ። እሳቸው ሆዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «ኤሌክትሪሻኑ ሌባ ነው» ይላሉ፤ ትንሽ ሄደው ደግሞ «ይሄ ልስን ውሃ አልጠጣም» ይላሉ። በዚህ መሃል ከግድግዳው ቀዳዳ አንድ ግራጫ እጅ ተወርውሮ ወጥቶ ትከሻዬን ጨመደደኝ። ቆሌዬ ተገፈፈ። የጮህኩት ጩኸት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የተኮለኮሉትን አባ ኮዳ አሞራዎች ሳያስነሣ አልቀረም።

አማቴ ዞር አሉ። እጁን አዩት። ከትከሻዬ ላይ አነሡና ጨበጡት።

«እንደምን አደራችሁ? ሥራ እንዴት ይዟችኋል?»

እጁ ግራ ገባው። ጣቶቹ አየር ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ በዚያው ቀዳዳ ሁለተኛ እጅ ተጣጥሮ ወጣና፣ ጨዋ ያሳደገው ልጅ ለሽማግሌ እንደሚያደርገው፣ የመጀመሪያውን እጅ ክርኑ ላይ ደገፈው። ከግድግዳው ውስጥም «እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ፣ እርስዎ እንደምን አደሩ?» የሚል የታፈነ ድምፅ መጣ። የቤተሰብ ደህንነት ተጠያየቁ። አማቴ ሲጨርሱ «ቧንቧ እየዘረጋ ነው» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አሥራ አምስት ዓመት አማቴ ናቸው፤ እንደዚያ ቀን ገርመውኝ አያውቁም።

ሁለተኛው ክፍል ስንገባ በሩ ከኋላችን ጓ ብሎ ተዘጋ። የሳይት ቢሮ አስመስለውታል። ደም የተረጨበት ጠረጴዛ፣ የሲሚንቶ ከረጢቶች፣ አካፋ፣ መሬት ላይ የተበተነ የወረቀት ዓይነት። መሃል ላይ የሬሳ ሣጥን አለ። ሳይት ቢሮ ውስጥ የሬሳ ሣጥን ምን እንደሚሠራ ዛሬም አልገባኝም። አማቴ ሜትራቸውን አውጥተው ሣጥኑን መለካት ሲጀምሩ ከጣሪያው የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ አሁን ሣቅ የለውም፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

«ይህ ሕንፃ ሲሠራ አንድ የቀን ሠራተኛ ከላይ ወድቆ ሞተ። በማግስቱ ስሙ ከመዝገብ ተሰረዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይመጣል፤ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ስሙን ከወረቀቶቹ ውስጥ ፈልጋችሁ ጥሩት፣ በሩ ይከፈታል። የተሳሳተ ስም ከጠራችሁ ግን አይምራችሁም።»

አማቴ ሜትሩን ለቀቁት፤ እየተጠቀለለ ገባ። ሣጥኑን ተዉትና አንድ ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። የደረጃው ድካም ነው ብዬ አለፍኩት፤ እኔ የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። ሁለት ነገሮች በአንድነት ይዘውኛል፤ ሟቹ ሳይመጣ ስሙን አግኝቼ አማቴን ይዤ መውጣት፣ ሟቹ ናቲ ከሆነ ደግሞ እሱ ሳይገባ መውጣት። መሬት ተንበርክኬ ወረቀት መገለባበጥ ያዝኩ። የአሸዋ ደረሰኝ፣ የብረት ዝርዝር፣ በመጨረሻ አንድ የስም መጥሪያ ተገኘ። ከመሃሉ አንዱ ስም በቀይ ተሰርዟል። ለመብራቱ አስጠግቼ ሳየው «ገረመው አበበ» ይላል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ያን ጊዜ መብራቱ ጠፋ።

ከውጭ የሚጎተት እግር ተሰማ። እርምጃ፣ ጉትት፣ እርምጃ፣ ጉትት። እመኑኝ፣ ናቲ መሆኑን አውቃለሁ። ሳምቡሳ ሲበላ አይቼዋለሁ። ጉልበቴ ግን አያውቅም። ሰውነቴ ሳያማክረኝ ሄዶ ከክፍሉ ውስጥ ክዳን ያለው ብቸኛ ነገር ውስጥ ገባና ክዳኑን ላዩ ላይ ሳበ። እነሆ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተኛሁ፤ በሕይወት እያለሁ፣ በፈቃዴ፣ የስም መጥሪያውን ደረቴ ላይ ታቅፌ። በእንጨቱ ክፍተት አንድ ዓይኔ ውጭ ያያል።

በሩ ተከፈተ። ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ መብራት በራ። ደም የለበሰው ነገር እጆቹን ዘርግቶ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ፣ ጉሮሮው ውስጥ እያንኮራፋ ገባ። አማቴ ደግሞ ሰው ሲገባ ተቀምጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። ከከረጢቱ ላይ ብድግ አሉና፦

«ኖር!»

«በእግዜር! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!» አለ መንፈሱ።

መንፈሱ የተዘረጉት እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። እኔ ሣጥኔ ውስጥ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ናትናኤል» አሉ አማቴ።

«አቤት አባባ።»

«ቢሮህ ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜህ ነው?»

«አራት ወር።»

«ማን ያውቃል?»

ዓይኔን ብገልጥ የመንፈሱ ደም የነካው ጣት በቀጥታ ወደ ሬሳ ሣጥኑ እያመለከተ ነው። ያን ያህል ስምልለት ለእኔ ሲሆን አንድ ደቂቃ አልቆየም! ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጌ «አባባ፣ እኔ እኮ ሳይት መስሎኝ...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሡብኝ።

«ዝም በል። ሲሚንቶ የማይሸት ሳይት አይቼ አላውቅም። የተቀመጥኩበት ከረጢት እንኳ ጭድ ነው ያለበት። ደረጃው ላይ ሳለን ነው የገባኝ።»

ለካ ከሄልሜቱ ጀምሮ፣ ከቧንቧው ጀምሮ፣ ሲጫወቱብኝ ነው የመጡት። እኔ ከእሳቸው ደበቅኩ ብዬ ላብ ሲያጠምቀኝ እሳቸው እኔን ያስጎበኙኝ ነበር።

«ታዲያ አውቀው ለምን ገቡ?» አልኳቸው።

«ልጄ የሚውልበትን ለማየት ነዋ የመጣሁት።»

ናቲ አንገቱን ደፋ። አንድ ነገር ለማለት አፉን ሲከፍት አማቴ ቀደሙት። ድምፃቸው አልጨመረም፤ ይኸው ነው የሚያስፈራው።

«አሁን ሥራ ላይ ነህ ወይስ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ሥራ ያቋረጠ ሰው እኔ ሳይት ላይ አድሮ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ውጣና እንደ አዲስ ግባ። እኔን ማስፈራት ከቻልክ ሥራ ነው እላለሁ። ካልቻልክ ሰኞ ወደ ድርጅቱ ትመለሳለህ። ካልተመለስክ ደግሞ ቃል አንለዋወጥም።»

እስቲ አስቡት። ይህ ልጅ ሒሳብ ፈተና ወድቆ አባቱን ፈርቶ የእኔ ቤት አልጋ ሥር የተደበቀ ልጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እኚህን ሰው ሲፈራ ኖሮ፣ አሁን ተራው ደርሶ እሱ ያስፈራቸው ተባለ። ያውም ማን መሆኑን ለይተው፣ በስሙ ጠርተውት ከጨረሱ በኋላ። አለቀለት አልኩ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ሲያንቀላፋ ታየኝ።

ናቲ ወጣ። መብራቱ ጠፋ፤ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ጩኸት ጠበቅኩ፣ ሰንሰለት ጠበቅኩ። አልመጣም። በሩ በቀስታ ተከፈተና አንድ የቀን ሠራተኛ ገባ። ጠዋት፣ ከሩቅ ሰፈር በእግሩ መጥቶ፣ ያረፈደ እንደሆነ የሚሰጋ የቀን ሠራተኛ። ግራ እግሩን ይጎትታል። በፌስታል የተቋጠረች ምሳውን ጥግ ላይ አስቀመጠ፣ ሰው እንዳይረግጣት ደግሞ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጋት። ሸሚዙን አራገፈ። መጥቶ ከአማቴ ፊት ቆመና፣ ግራና ቀኙ ሰው የተሰለፈ ይመስል ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ለጎኑ ሰው ቦታ ለቀቀ። በዚያች ትከሻ ክፍሉ በሰው ሞላ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሌሉትን ሰዎች አየኋቸው፤ አካፋቸውን ተደግፈው፣ ብርዱ እስኪለቅ እጃቸውን ብብታቸው ከተው።

ከዚያ አማቴን ቀና ብሎ አየ። አፋቸውን ነው የሚያየው። ስሙ ከዚያ እስኪወጣ ይጠብቃል።

ሌላ ምንም አላደረገም። አልጮኸም፣ ዓይኑን አላጉረጠረጠም። ቆሞ ጠበቀ። በሐሳቡ አንዱ ስም ተጠርቶ ሲያልፍ፣ የሚቀጥለው የእኔ ነው ብሎ እንደሚያስብ ሰው ፊቱ ትንሽ ይፈካል፤ ያልፈዋል፤ መልሶ ይጠብቃል። ያን ልጅ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ የማውቀው የለም። ሰው እንዲህ መሆን ይችላል ወይ? ከአንድ ሳምቡሳና ከአንድ እፍኝ ኖራ ይህ ከየት ይመጣል? ፍርሃቴ እንኳ ተወኝ፤ ቤተ መቅደስ በር ላይ እንደቆመ ሰው ትንፋሼን ዋጥኩ።

አማቴን አየኋቸው። በሥራ ዘመናቸው የብረት መዓት ከራሳቸው በላይ ሲወዛወዝ ያልሸሹ ሰው፣ ከከረጢቱ ላይ ወደ ኋላ እየሸሹ ነው። ላብ ግንባራቸው ላይ አብረቀረቀ። አላስቻለኝም። ክዳኑን ገፋ አድርጌ፦

«አባባ! ገረመው አበበ ነው! ገረመው ይበሉት፣ በሩ ይከፈታል!» አልኩ።

አልሰሙኝም። ቀስ ብለው ተነሡ። ወገባቸው ቀና አለ። በዚያ የሳይት ጠዋት ሁሉ ስም በጠሩበት፣ እኔ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ፦

«መርክነህ ዳና!»

ያ ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። በቤቱ ሕግ መሠረት ናቲ አሁን መጮህና ሁለታችንንም ማጥፋት ነበረበት። አልጮኸም። አባቱን አየ፣ አየ፣ አየ። ያ ሲጠብቅ የነበረ ፊት በአንድ ጊዜ ተፈታ።

«አቤት» አለ።

በሩ ተከፈተ። ማን እንደከፈተው አላውቅም፤ ልጅቷ በካሜራ ስታየን ነበር መሰለኝ። አማቴ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ናቲ ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ፤ ድምፁ ወደ ራሱ ድምፅ ተመልሷል።

«አባባ፣ ማነው እሱ?»

«ሻሸመኔ ነው። ሰላም ገና ሳትወለድ። ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የመወጣጫው እንጨት የላላ መሆኑን አላየሁም። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «በማግስቱ ጠዋት ስም ስጠራ እሱ ጋ ስደርስ ዘለልኩት። የሚቀጥለውን ጠራሁ። ሁሉም ሰልፉ ላይ ቆመው ያዩኛል። አንተ ማን ነገረህ?»

«እማዬ ናት። አባትህ ሳይት ሰው ወድቆ ያውቃል ብላኝ ነበር። ስሙን ግን አታውቀውም ነበር፤ ስለዚህ እኔ ገረመው አልኩት።»

«ስሙን አልነገርኳትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም» አሉ አማቴ። እንባቸው በግልጽ ወረደ፤ አላበሱትም። የባለቤታቸው ቀብር ጊዜ እንኳ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም፤ ያኔም ዝም ነው ያሉት። እኔማ ከናቲ በላይ ነው የተነፋረቅኩት፣ ያውም እዚያው ሣጥን ውስጥ፣ የስም መጥሪያውን ለመሐረብ ይዤ። በመጨረሻ አማቴ «ውጣ አንተ ከዚያ፣ መልካም አይደለም» አሉኝ። ለመውጣት ስሞክር ጉልበቴ ተቀርቅሮ እምቢ አለ። አባትና ልጅ ባንድ ላይ፣ አንዱ በብብቴ ሌላው በቀበቶዬ ይዘው ጎትተው አወጡኝ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ የሚቀጥሉት እንግዶች ከኋላዋ ይንሾካሾካሉ። ናቲ የአባቱን ፊት ያያል፤ ፍርዱን ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። አማቴ ተነሥተው አጠገቡ ቆሙ።

«እግር መጎተቱን ተወው» አሉት። «እግሩ ደህና ነበር።»

የልጃቸውን ግራ ክንድ ያዙ። ቀስ ብለው ከክርኑ አጠፉት፣ ወደ ጀርባው አዞሩት፣ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጡና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጉለት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ተመለከቱት።

«ወድቆ ሳገኘው እንዲህ ነበር» አሉ። «ነገ እንዲህ አድርገህ ግባ።»